ትርንጎን አትጥሯት

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ሁሉ «እፎይ አልሽ» ይለኛል። እኔም «አዎ፣ እፎይ አልኩ» እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሰው ሕፃን ጋር መሬት ለመሬት ስፏቀቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጉልበቴ አልቋል፣ ወገቤ አልቋል፣ ማረፉ ለአካሌ አይከፋውም። ልቤ ግን አላረፈም። ያላረፈበትንም ምክንያት ነው የምጽፈው።

የሥራዬ ስም በየጊዜው ተለዋውጧል። መጀመሪያ ሞግዚት ነበርኩ፤ ቀጥሎ ረዳት መምህርት ተባልኩ፤ በመጨረሻ ደግሞ የቤት ለቤት አስተማሪ። ሥራው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ገና ያልዳሁ፣ የሚድሁና ገና መራመድ የጀመሩ ልጆች በገዛ እጃቸው እየነኩ፣ እየጣሉ፣ እየደረደሩ፣ እያፈረሱ እንዲማሩ ቤተሰባቸውን ማስለመድ ነው። ኮሶበር ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ባየኝ ቁጥር «የአራሶቹ መምህርት፣ ዛሬ ፈተና አለ እንዴ?» ይለኝ ነበር። እስቃለሁ። ሰው ለሕፃን ልጅ ምን ትምህርት አለው ብሎ ቢደነቅ አልፈርድበትም፤ እኔም ሥራውን ስጀምር እንደሱው ነበርኩ።

የጀመርኩት ዳንግላ ነው፤ ገበያተኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድሩበት ሳይሆን የሚያውሉበት አንዲት ጠባብ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ። ኃላፊዋ እትዬ ጥሩወርቅ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጨርሶ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ጠዋት ገብተው እጃቸውን ይታጠቡና ሰሌኑ ላይ ከልጆቹ እኩል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ይከታሉ። ብርድ ይመስለኝ ነበር። ዳንግላ ደግሞ እንደ እንጅባራ አይበርድም።

ምክንያቱን ያወቅሁት በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ነው። አንዲት ዓመት ያልሞላት ልጅ የቆርቆሮ ክዳን ለመክፈት ትታገላለች። ትመታዋለች፣ ትነክሰዋለች፣ ትገለብጠዋለች። አሳዘነችኝና ዘልዬ ተነሳሁ። እትዬ ጥሩወርቅ የቀሚሴን ጫፍ ይዘው ጎተቱኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልከፍትላት ነዋ።»

«መክፈት የፈለገችው አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ብዙ ታገለች። በመጨረሻ ክዳኑ ተፈናጠረና ውስጡ የነበረው የበቆሎ ቆረቆንዳ ተበተነ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ቆርቆሮውን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ ክዳኑን አንስታ መልሳ ልትገጥመው ሞከረች። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸው ከጭናቸው ሥር እንዳለ ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እጄን ከጭኔ ሥር መክተት ለመድኩ።

እሳቸው ለልጆቹ እንደሚያደርጉት ለእኛም ያደርጉ ነበር፤ ምንም ነገር አስረድተው አያውቁም። አንድ ነገር ሲጠየቁ «እይ» ይላሉ። ደግመው ሲጠየቁ «ዝም ብለሽ እይ» ይላሉ። አይቼ አይቼ ብዙ ነገር አገኘሁ። እንጨት ለሕፃን ከመስጠቴ በፊት በነጠላዬ ጫፍ እያሸሁ ክሩን የሚስብ ስንጥር እንደሌለ ማረጋገጥን አገኘሁ። በጭብጤ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚደበቅ ነገር ለሕፃን አፍ አደገኛ መሆኑን አገኘሁ። ሁሉን ዕቃ ባንዴ ከማፍሰስ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ማስቀመጥ እንደሚሻል አገኘሁ። ልጅ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን «ጎበዝ! እሰይ!» እያሉ መጮህ ሐሳቡን እንደሚበትነውም ከሳቸው አየሁ።

አንድ የማይገባኝ ልማድ ግን ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ኩባያና የበር ቁልፍ ይይዙና በየልጁ ጀርባ ይሄዳሉ። ልጁ ሳያያቸው ኩባያውን በቁልፉ አንዴ ቀጭ ያደርጋሉ። ትንሽ ይቆማሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ፊት ዞረው «እንዴት አደርክ» ይላሉ። እኛ ሞግዚቶቹ ከኋላቸው እንሳሳቅ ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ኩባያው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እይ» አሉኝ። አየሁ። የሰላምታ አሰጣጥ መሰለኝ፤ የሴትዮዋ አመል ነው ብዬ ተውኩት።

ከዳንግላ በኋላ እንጅባራ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ገባሁ። እዚያ ያለው ርዕሰ መምህር የሦስት ዓመት ልጅ ፊደል ከነሙሉ ቤቱ ካልዘለቀ ትምህርት የተማረ የማይመስለው ሰው ነበር። አሸዋና ውሃ ለልጆቹ ሳቀርብ «ወላጅ ልብስ እንድናቆሽሽለት ነው የላከው?» ይለኛል። ዓመታት ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወደ ገጠር የቤት ለቤት ሥራ ሰው ሲፈለግ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ሆንኩ፤ እሱም ደስ ብሎት ሸኘኝ። የላከኝ ቢሮ ቅጽ «ስንት ቤት ጎበኘሽ» ብቻ ነበር የሚጠይቀው። እንዴት ጎበኘሽ የሚል ዓምድ አልነበረውም።

በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ውስጥ ሕፃን እስኪራመድ ድረስ አንቀልባ ላይ ነው የሚያድገው። እናቱ ድንች ስትቆፍር ጀርባዋ ላይ፣ ውሃ ስትቀዳ ጀርባዋ ላይ። ይህን የሚያደርጉት ባለማወቅ አይደለም። ቤቱ መካከል እሳት አለ፣ ከወዲያ በኩል ከብት አለ፣ መሬቱ ክረምት ከበጋ ይቀዘቅዛል። እኔም እንደ አንዳንድ አሠልጣኝ ዘው ብዬ ገብቼ «ልጁን አውርጂው» ብዬ አላውቅም። መጀመሪያ ቤቱን ዞሬ አያለሁ። እሳቱ እንዴት እንደሚከለል፣ ሰሌኑ የት እንደሚነጠፍ ከባለቤቶቹ ጋር እንማከራለን። አገሩ የቀርከሃ አገር ስለሆነ አባቶቹ ከምድጃው ዙሪያ የሚቆም ዝቅተኛ አጥር በአንድ ቀን ሠርተው ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ነው ልጁ ከጀርባ የሚወርደው።

አንድ አያ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ሕፃን ዐፈር ከነካ ዐፈሩ ይጠራዋል» ብለው ከምራታቸው ቤት ሊያባርሩኝ ተነሱ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ራሳቸው ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸው ባቄላ ከአንድ ቅል ወደ ሌላው ሲያገላብጥ እያዩ አገኘኋቸው። «አንድም አላገዝኩት» አሉኝ። በኋላ ሞተዋል ሲሉኝ በጣም ያለቀስኩላቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ያሉ ደስ የሚሉ ቤቶች ብዙ ነበሩኝ። ስለነሱ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ጡረታ የወጣሁ ዕለት የታወሰኝ ግን የአትጠገብ ቤት ነው።

አትጠገብ ከጥርባ ወረድ ብሎ ባለ ጎጥ የምትኖር ሴት ናት። ባለቤቷ እንየው ከእርሻው ሌላ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበርና ጎታ የሚሠራ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው ነው። መጀመሪያ ስደርስ ልጃቸው ትርንጎ የስምንት ወር ልጅ ነበረች። አትጠገብ አንቀልባ ላይ አዝላት ድንች እየለቀመች፣ ያለማቋረጥ በአዊኛ ታወራታለች። ወሬውን ስትጨርስ ታዜምላታለች፤ ዜማውን ስትጨርስ እንደገና ስሟን እየጠራች ታጫውታታለች። የኔ አዊኛ ከሰላምታ አያልፍም። እሷ ግን ትንሽ ስለተማረች አማርኛ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች።

አጥሩ ተሠራ፣ ሰሌኑ ተነጠፈ። እንየው ወፍራም ቀርከሃ ቆርጦ ቀለበት ቀለበት አወጣና አንድ በአንድ ፍቆ አለዘበልኝ፤ በነጠላዬ ሳሸው አንድ ክር አልሳበም። ቀለበቶቹ የሚሰኩበት ዘንግ ደግሞ አቆመላት። ትርንጎ ወረደች። መጀመሪያ ቀን አንዱን ቀለበት አፏ ውስጥ ከተተች፣ ሁለተኛውን ወረወረች፣ ሦስተኛውን አንስታ ወደ ብርሃን አስጠግታ በቀዳዳው አየችኝ። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ።

አትጠገብ ግን አላስቻላትም። «ትርንጎ! ትርንጎ!» ትላለች፤ ታጨበጭባለች፣ ታዜማለች።

«አትጠገብ» አልኳት፣ «እጇ ሥራ ላይ ሲሆን አትጥሪያት።»

«ለምን እትዬ ዘነበች?»

«አሳቧ ይበተናል። አንቺ ወፍጮ ላይ ሆነሽ ሰው ሲጠራሽ ደስ ይልሻል?»

ሳቀች። «እንግዲያ መቼ ላውራት?»

«ገላዋን ስታጥቢያት፣ ጡት ስታጠቢያት አውሪያት። ሥራዋን ስትሠራ ግን እንዳትጠሪያት። ለሰፈርተኛውም ንገሪ፤ ትርንጎን አትጥሯት በይ።»

ይህን ያልኩበት አፌ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ምክሩ ክፉ ምክር አልነበረም፤ ለስንት ቤት ሰጥቼው ሠርቷል። ለዚያ ቤት ግን አይሆንም ነበር፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ አላየሁም።

አትጠገብ ነገር የምትይዝ ሴት ናት። የነገርኳትን ሁሉ አደረገች። በየሁለት ሳምንቱ ስሄድ ቤቱ ጸጥ ያለ ሆኖ አገኘዋለሁ። ትርንጎም ለጉድ ሆነች። ዓመት ሲሞላት ቀለበቶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ መሰካት ጀመረች። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ከእንየው የቀርከሃ ስንጣሪ እየለየች ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር ጋር ታስተኛለች። ጎረቤት ቢገባ፣ ዶሮ ቢንጫጫ ቀና አትልም። በዚህ ሁሉ ዘመን እንደዚያች ያለች ሥራዋን አክባሪ ልጅ አላየሁም። ኮራሁ። ጓደኞቼን አመጣሁ፣ ከቢሮ ኃላፊ አመጣሁ፣ ከሌላ ወረዳ ለሥልጠና የመጡትን ሁሉ ያንን ዳገት አስወጣኋቸው። «እዩ፣ ያለ ማንም እርዳታ፤ ሰው መኖሩን እንኳ አላወቀችም» እላቸዋለሁ። እነሱም ፎቶ ያነሷታል። አትጠገብ ከበሩ አጠገብ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታየናለች።

አንድ ቀን ትርንጎ ከሥራዋ አርፋ ደጅ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ ሆኜ «ትርንጎ» አልኳት። አልዞረችም። ደገምኩ። አልዞረችም። አትጠገብ ከጓሮ እየመጣች ነበርና አየችኝ።

«አልሰማችኝም እንዴ?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

አትጠገብ ዐይኗን መሬት ላይ ጣለች። «አማርኛ አልለመደችም እትዬ» አለች።

እኔም አመንኳት። ስም አማርኛም አዊኛም እንደሌለው ለማሰብ አንዲት ደቂቃ ባጠፋ ኖሮ! ግን በዚህ አገር ስንት ልጅ አይቻለሁ፤ ቤቱ አዊኛ፣ እንግዳው አማርኛ ሆኖ፣ እንግዳ ሲያናግረው ድንጋይ የሚሆን ልጅ ሞልቷል። ከኛ አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል በዚህ ያልተሳሳተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሞልቷት ቃል አለመናገሯንም በዚያው አሳበብኩት። በአዊኛ ትናገራለች፣ ለኔ ነው የማትናገረው ብዬ ነገሩን ዘጋሁ። ማስታወሻዬ ላይ «ቋንቋ፦ ከቤተሰብ ጋር አዊኛ» ብዬ የጻፍኩት አሁንም አለኝ።

ሦስት ዓመቷን ልትይዝ ትንሽ ሲቀራት፣ በክረምት፣ ከምሳ በኋላ እቤታቸው ነበርኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር የዋለው። ትርንጎ ሰሌኑ ላይ በቀርከሃዋ ከብት በረት የመሰለ ነገር እያጠረች ነው። በዚያ ጊዜ ከቤቱ ኋላ ያለው የቀርከሃ ጫካ ላይ መብረቅ ወደቀ። እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጥጃዋ ገመዷን በጠሰች፣ አትጠገብ አማተበች፣ እኔ ደብተሬን ጥዬ ጆሮዬን ያዝኩ።

ትርንጎ አንዲት ስንጣሪ አንስታ ከሌላዋ ጎን አቆመች።

ጥጃዋ ስትሮጥ ባየች ጊዜ ብቻ ቀና ብላ እሷን ተከትላ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ጆሮዬን መያዜ ጨዋታ መስሏት እሷም ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ጥሩወርቅ ኩባያቸውን ይዘው ፊቴ የመጡት። በልጆቹ ጀርባ ሲሄዱ፣ ቀጭ ሲያደርጉ፣ ቆም ብለው ሲያዩ። የሚያዩት የልጁን ትከሻ ነበር፤ ደንገጥ ይል እንደሆነ፣ ዞር ይል እንደሆነ። ሌላውን ሁሉ ከሳቸው ወስጄ ያንን ብቻ ትቼው ነበር፤ የሰው ቤት ገብቶ ኩባያ መምታት እብደት ይመስላል ብዬ አፍሬ።

ትርንጎን ለማስመርመር ከአትጠገብ ጋር ባሕር ዳር ድረስ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። መርምሮ ሲጨርስ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም ይሆናል አለ። ለጆሮዋ የሚደረግ ነገር ካለም እዚህ እንደማይገኝ፣ ዋናው ነገር ግን ቋንቋ መሆኑን ነገረን። የእጅ ምልክት ቋንቋ ገና በአንቀልባ ሳለች ቢጀመርላት እንደማንኛውም ልጅ ታወራ እንደነበር፣ አሁንም ሳይውል ሳያድር መጀመር እንዳለበት ነገረን። «እስካሁን በምን ነበር የምትግባቡት?» ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ የሐኪሙን እስክሪብቶ ክዳን ስትነቅልና ስትገጥም ነበር።

ከባሕር ዳር ስመለስ ዳንግላ ላይ ከሚኒባሱ ወረድኩና እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል። በድምፄ አወቁኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ «እትዬ፣ ያ ኩባያ ለምን ነበር?» አልኳቸው።

«ለጆሮ ነዋ። ለምን መስሎሽ ነበር?»

«ለሰላምታ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ሊሆናት ነው።»

«ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር» አሉ፣ «ሁሉን ስታገኚው፣ ያንንም ያገኘሽው መስሎኝ ነበር። መንገር ነበረብኝ።» እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ጥፋቱን ሊካፈሉኝ ፈልገው እንደሆነ ገብቶኛል። አልቀለለኝም። ሰው ራሱ ፈልጎ ያገኘው አይጠፋውም እያልኩ ስንቱን ቤት ሳስተምር ኖሬ፣ ራሴ ፈልጌ ያላገኘሁት ነገር ልጅ እንዳስከፈለኝ ለሳቸው እንዴት አድርጌ ልናገር። በዓመቱ አረፉ።

ከዚያ በኋላ ኩባያና ቁልፍ ከከረጢቴ ተለይቶ አያውቅም። አንድ የዳንግላ ሕፃን አምስት ወሩ ላይ እንደማይሰማ ለይቼ እናቱን በጊዜ አሳውቄያለሁ፤ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «አየሽ፣ ካስሽው» ይሉኛል። የትርንጎን በዚያ ልጅ መካስ የሚቻል ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። የዚያ ልጅ ደስታ የዚያ ልጅ ነው።

ለትርንጎ የተሮጠው ሩጫ ሁሉ ዘገየ። ምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በአቅራቢያው አልተገኘም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፣ ነገ ዛሬ እየተባለ ልጅቱ ሰባት ዓመት ሞላት። ያን ጊዜ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በሩቅ ከተማ ተገኘና እንየው እህቱ ዘንድ አስጠግቶ አስገባት። የቤቱ ሰዎች እስከዚያ ድረስ በጥቆማና በጉተታ ነበር የኖሩት፤ ነይ፣ ሂጂ፣ ብዪ፣ ተኚ። ከዚያ ያለፈ ነገር ልጅቱ ማለት ፈልጋ ሲያቅታት ራሷን በቡጢ ትመታ ነበር። ያንን ሁለት ሦስት ጊዜ በዐይኔ አይቻለሁ። በሄድኩ ቁጥር አትጠገብ እንደ ድሮው አክብራ ትቀበለኛለች፣ ድንች ቀቅላ ታቀርባለች፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እኔም አንድም ቀን «ጥፋቱ የኔ ነው» አላልኳትም። ነገ እላለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ጡረታ እንደወጣሁ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ወደዚያ መሄድ ነው። ትምህርት የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ትርንጎ ለእረፍት መጥታለች። ከኮሶበር ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። አትጠገብ ደጇ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ትርንጎ ከአባቷ ጋር ጓሮ ነበረች። ከአትጠገብ ጎን ቁጭ አልኩና ሌላ ወሬ ሳልጀምር ተናገርኩ።

«አትጠገብ፣ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ድሮ ነበር የሚገባው።»

«ይንገሩኝ።»

«ትርንጎን አትጥሪያት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ባልልሽ ኖሮ ጠርተሽ ጠርተሽ አለመስማቷን በጊዜ ትደርሺበት ነበር። እኔ ነኝ ቤትሽን ዝም ያሰኘሁት። ዕድሜዋን የበላሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልል ነው የመጣሁት።»

ድንቹን ልጣ ጨርሳ ውሃው ውስጥ ጣለችው። ሌላ አነሳች።

«እኔማ አውቄ ነበር» አለች።

የሰማሁት ነገር ወዲያው አልገባኝም። «ምኑን?»

«እንደማትሰማ። ገና አንቀልባ ላይ ሳለች ነው ያወቅሁት። በሬው ጆሮዋ ሥር ሲያገሳ አትነቃም። ያን ሁሉ የማዜምላት፣ ያን ሁሉ የምጠራት ለምን ይመስልዎታል? ምናልባት አንዱን ትሰማ እንደሆን ብዬ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? አማርኛ አልለመደችም ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

ቢላዋዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በዚያ ቤት ስመላለስ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ዐይኔን ቀጥ ብላ ስታየኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ልበልዎ እትዬ ዘነበች። ከትርንጎ በፊት ስንት ዓመት መካን ሲሉኝ ኖሬያለሁ፤ የእንየው ዘመዶች ሌላ አግባ ብለውት ነበር። እሷ ስትመጣ ደግሞ እንዲህ ሆና መጣች። ደንቆሮ ወለደች ሊሉኝ ነው ብዬ ሰው ቤት ይዣት አልሄድም ነበር። ከዚያ እርስዎ መጡ። ሰው መኖሩን አላወቀችም፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት አሉ። ከከተማ ሰው ይዘው እየመጡ ልጄን ያሳያሉ፤ ያ ሁሉ የተማረ ሰው እጇን አይቶ ይደነቃል። የእንየው እናት እንኳ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ልጄን ያመሰገነልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። አትሰማም ብልዎ ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ።»

ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ፣ ይቅርታው ከማውቀው ጥፋት ይልቅ ለማላውቀው ጥፋት ሆነ። ያቺ ሴት በየሁለት ሳምንቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን ያፈረች ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ወደ ጎን ወስጄ «አንቺስ፣ ስለዚህች ልጅ የሚያሳስብሽ ነገር አለ?» ብያት አላውቅም። ልጅ እንጂ እናት አላየሁም።

«ባውቅም አልቀርም ነበር» አልኳት።

«አሁን ነው ያወቅሁት» አለች፣ ቢላዋዋንም አነሳች።

በዚህ መሐል ትርንጎ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። አድጋለች፤ እግሯ ረዝሟል፣ ፀጉሯ በጥሩ ተሠርቷል። ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችኝና ወደ እናቷ ዞረች። ከዚያ በሁለት እጆቿ መናገር ጀመረች። ምልክት ቋንቋ አላውቅም፤ ነገር ግን ወሬ መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ጣቶቿ ይፈጥናሉ፣ ቅንድቧ ይነሳል ይወርዳል፣ አንዴ በጓሮው በኩል ትጠቁማለች፣ አንዴ ደረቷን ትነካለች፤ መሐል ላይ አንድ ነገር አሳቃትና እጇን አቁማ ሳቀች፣ ከዚያ ቀጠለች። ረጅም ወሬ ነበር። በመጨረሻ ሁለት እጇን ዘርግታ ከእናቷ መልስ ጠበቀች።

አትጠገብ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ልጅቱ ትንሽ አየቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ። አንዲት አጭር ምልክት ደገመች፤ ጥያቄ ይመስላል። አትጠገብ አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ትርንጎ እጆቿን አውርዳ፣ ሳትሮጥ፣ ወደ ጓሮ ተመለሰች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

አትጠገብ ድንቹን እያገላበጠች «እኔ እንጃ» አለች። «ሁልጊዜ እሺ ነው የምላት።»